የዶክተር ኤርኔስቶ መቶ ሃያ ወንበሮች

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም፤ ከአሁኑ ልናገረው። ልጄ ሩት «ዳዲ፣ ዓመቱን ካልጻፍክ ሰው ግራ ይገባዋል» ትለኛለች። እኔ የማውቀው እዚህ ካናዳ የባቡርና የአውቶቡስ መክፈያው የሰብዌይ ቶክን ገና ያልቀረበት ጊዜ መሆኑን ብቻ ነው። ያቺ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቶክን ኪስ ውስጥ ከአሥር ሳንቲሙ ጋር እየተደባለቀች ስንቱን ሰው ከሾፌር ጋር አጣልታለች! ስልክ ግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት፣ ቡናና ዶናት በዝርዝር ሳንቲም የሚገዛበት፣ እኔም ያለ መነጽር መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የማስገባበት ጊዜ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አንድ ወንበር ነው። ባለፈው ሳምንት ሩት ለሰው ሠራሽ ጥርሴ ብላ ኖርዝ ዮርክ ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ተራችንን ልንጠብቅ ተቀመጥን። እጄ የቆየ አመል አለበት፤ ወንበር ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር በሥሩ ገብቶ ይዳብሳል። ሌላው ሰው የተለጠፈ ማስቲካ እንዳይነካው የሚፈራው ቦታ ለእኔ እንደ ሰው ፊት ነው። የዚያን ዕለት እጄ የጨርቁን እጥፋት ሲነካ ቀጥ አለ። ማዕዘኑ ላይ ጨርቁ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ በሦስተኛው ወደ ውስጥ ተመልሶ ነው የተመታው። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም እኔ ነኝ። ተነሣሁና ወንበሩን ገለበጥኩት።

«ዳዲ! ዋት አር ዩ ዱዊንግ?»

«የእኔ ነው።»

«ያንተ አይደለም፣ የክሊኒኩ ነው። ፕሊስ ቁጭ በል፣ ሰው እያየን ነው።»

እንግዳ ተቀባይዋም ከመስታወቱ ጀርባ ብድግ ብላ «ሰር፣ ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ወንበሩን መልሼ አቆምኩትና ተቀመጥኩበት። ቁጭ ያልኩት ግን ክሊኒኩ ውስጥ አይደለም፤ ፓርክዴል ምድር ቤቴ ውስጥ ነው።

በዚያን ጊዜ ፓርክዴል፣ የጎዳና ባቡሩ፣ ስትሪትካሩ፣ ከሚቆምበት ማዕዘን አጠገብ፣ ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥር የሶፋ ሥራ ነበረኝ። መስኮቴ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለነበረ ዓለምን የማየው በጫማ ነው። የሠፈሩን ሰው ፊቱን ሳላውቅ ጫማውን ለይቼ አውቅ ነበር። ሥራ የረፈደበትን፣ የተጣላውን፣ ሰክሮ የሚገባውን ሁሉ ከአረማመዱ እለየዋለሁ። የሳሙናው ሽታ ከላይ ይወርዳል፣ የእኔ ሙጫ ሽታ ከታች ይወጣል፣ ደረጃው ላይ ይገናኛሉ። ዛሬም ሙጫና ሳሙና አንድ ላይ ከሸተተኝ ወገቤ ቀና ይላል። ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሙያውን ግን መርካቶ ከአንድ ኃይለኛ ሶፋ ሠሪ እጅ ተምሬያለሁ፣ ስፌቱ ከጠመመ በመርፌው ጀርባ ጣት ከሚመታ ሰው።

ችግሩ ሰዉ ሶፋ ማሳደስ መተዉ ነበር። ጥሩ ሞላ ያለውን፣ እንጨቱ ያልነቃውን ሶፋ መንገድ ዳር አውጥቶ ይጥልና አዲስ ወረቀት የመሰለ ይገዛል። የቤቱ ባለቤት ቦታውን ለስልክ ሱቅ ማከራየት ፈልጎ ነበርና፣ በረዶው ሲቀልጥ የረባ ሥራ ካልያዝኩ ቁልፉን እንዳስረክብ ነገረኝ። ቁልፉን ካስረከብኩ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት የተቀመጥኩባት የፓርኪንግ ኪዮስክ ናት፤ ከቁም ሳጥን የማትሰፋ፣ አንዲት ማሞቂያ ጉልበቴን የምትጠብስባት፣ ጆሮዬ ግን የሚበርድባት። መዶሻና መርፌ የለመደ እጅ እዚያ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ትኬት ሲያቀብል ይደንዛል። ወደዚያች ሳጥን አልመለስም ብዬ ተስዬ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ጥቁር፣ መስታወት የመሰለ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ጫማ በመስኮቴ አለፈ። ቆመ። ተመለሰ። ደረጃውን ወረደ። ባለጫማው ኤርኔስቶ የሚባል ኮሎምቢያዊ ነበር። እሱና ሌሎች ስፓኒሽ ተናጋሪ ባለሙያዎች፣ አካውንታንት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ኢንጂነር፣ ተሰባስበው ኖርዝ ዮርክ ዊልሰን ጎዳና ላይ አንድ አሮጌ ሕንጻ ይዘዋል፤ ላዩ ቢሮ፣ ታቹ አዳራሽ። ከሕንጻው ጋር መቶ ሃያ ወንበር አብሮ መጥቷል፤ እንጨቱ ጤነኛ፣ ልብሱ ግን ያለቀ። «መጥተህ እይልን፣ እንተዋወቃለን» አለኝ። እንተዋወቃለን ማለቱን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኩትም፤ የሰማሁት መቶ ሃያውን ብቻ ነው።

ያኔ የካናዳን አሠራር አውቄያለሁ ባይ ነበርኩ። የፓርኪንጉ አለቃዬ፣ ደግ ሰው ነበር፣ በመጀመሪያው ሳምንት «ማይ ፍሬንድ» አለኝ፣ «ሰውን ስለ ቤተሰቡ አትጠይቅ፣ የግሉ ነው። በስሙ ጥራው፣ ጉዳይህን ተናገር፣ ልቀቀው።» መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ሰውዬውን «ልጆች እንዴት ናቸው?» ሳልል እንዴት የመኪናውን ቁልፍ እቀበለዋለሁ? ቆይቶ ለመድኩት፤ መልመድ ብቻ ሳይሆን ኮራሁበት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አዲስ የመጣ ሰው ሰላምታ ሲያረዝምብኝ በሆዴ «ይሄ ገና አልገባውም» እል ነበር።

በቀጠሮው ቀን ቡናማ ሱፌን ለበስኩ። ያ ሱፍ ከልባሽ ሱቅ የተገዛ፣ ኮሌታው እንደ ዝሆን ጆሮ የሰፋ፣ እጅጌው ጣቴን የሚውጥ ነበር። እጅጌውን ራሴ አሳጠርኩት፤ በሶፋ መርፌ፣ በሶፋ ክር። ሱፉ አልቆ ቢጣል እጅጌው ብቻውን ሰው ይሸከም ነበር። የጨርቅ ናሙና ደብተሬን በብብቴ፣ በታይፕ ያስጻፍኩትን አንድ ገጽ ኮንትራት በደረት ኪሴ ይዤ፣ አሥር ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ የማየው ነገር ገረመኝ። በሩን ከፍቶ የሚገባው ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ይዞራል፤ ወንዱን ይጨብጣል፣ የሚያውቃትን ሴት ጉንጯን ይስማል፣ በስም ይጠራል፣ ስለ ልጅ ይጠይቃል። እኔ ጋም ይደርሳሉ። እኔ ታዲያ ሳልነሣ ጣቶቼን አቀብልና ወደ ናሙና ደብተሬ እመለሳለሁ። ሥራ ያለበት ሰው መምሰሌ ነው።

ኤርኔስቶ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት አሳልፎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። «እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? ከየት አገር ነህ? እናትህ በሕይወት አሉ?»

«ፋይን፣ ፋይን» አልኩት። «ኤርኔስቶ፣ ስለ ወንበሮቹ…»

ስሙን እንዲያው ብጣሽ አድርጌ ስጠራው አካውንታንቷ ሴኞራ ፒላር ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝ። መነጽሯ ወፍራም ነው፤ ዓይኗ በዚያ ውስጥ ሲታይ ከሩቅ የሚጮህ ይመስላል። ቢሆንም ጨዋ ናትና በትንሽ ሲኒ ጥቁር ቡና አመጣችልኝ። «አይ ኤም ጉድ» አልኳት። ደግማ ዘረጋችልኝ። «አይ ኤም ጉድ።» ሦስተኛም ለመነችኝ፤ ሦስተኛም «ጉድ» ነኝ። ሲኒውን ይዛ ተመለሰች። ጉድስ ነበርኩ!

ከዚያ ደግሞ ኤርኔስቶ ሲያወራ ይጠጋል። በጣም ይጠጋል፤ የጢሙን ቅባት አሽትቻለሁ። እኔ በካናዳ ልማዴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት። እኔ ወደ ኋላ፣ እሱ ወደ ፊት፣ እንደዚህ እየተሸኛኘን ክፍሉን ጨርሰን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዘንድ ደረስን። እንዳልወድቅ በእጄ ስደገፍ ክዳኑ ክፍት ኖሮ መዳፌ መስታወቱ ላይ አረፈ፤ ክርኔ ደግሞ ቁልፉን ተጫነው። ማሽኑ አረንጓዴ መብራት አበራና ጉርር ብሎ አንድ ወረቀት ተፋ። መዳፌ፣ ከነመርፌ ጠባሳው፣ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ። ማንም አልሳቀም። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ከደረት ኪሴ ኮንትራቱን አውጥቼ «እዚህ ጋ ይፈረማል» አልኩ።

ኤርኔስቶ ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ «ነገ እንነጋገራለን» አለ። አገር ቤት አንድ ሰው እንደዚያ ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። እኔ ግን ሠልጥኛለሁና በማግስቱ ጠዋት እዚያው በር ላይ ተገኘሁ።

ፒላር ስታየኝ ደንግጣ «ዶክተር! ዶክተር!» እያለች ተጣራች። የሚወጣው ኤርኔስቶ ነው። ለካ ሐኪም ኖሯል! ትናንት በባዶ ስሙ መጥራቴ ቆጨኝ፤ ለመካስ ብዬ አክብሬ «ዶክተር» አልኩና፣ ነገሩን ለማሞቅ፣ ስለሚያመኝ ጉልበቴ አነሣሁበት። የሱሪዬን እግር እስከ ላይ ሰብስቤ አሳየሁት። ሰውዬው ዝቅ ብሎ በትሕትና መረመረኝ፤ ጫን ጫን አደረገው፣ «እዚህ ጋ ነው? ስትቀመጥ ነው ስትነሣ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ሞቅ ያለ ነገር እንዳስርበትም መከረኝ። ካበቃ በኋላ ነው «እኔ እንኳ ጠበቃ ነኝ» ያለኝ። በእነሱ አገር ጠበቃውንም የተማረውንም ሁሉ ዶክተር ነው የሚሉት።

ጉልበቴ ግን ሥራ ሠርቶልኝ ነበር። ዶክተር ኤርኔስቶ ሳቀና ትከሻዬን ይዞ «ቅዳሜ እናቴ ቤት ምሳ አለ። ና» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «ኖ ኖ፣ ጊዜህን አልወስድብህም። ፈርምልኝ ብቻ።» እጁ ከትከሻዬ ላይ ሲወርድ አሁንም ይሰማኛል። «እንደዋወላለን» አለኝ።

አልደወለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። በመስኮቴ የማየው ጫማ ሁሉ ቡትስ ነው፤ ሾጠጥ ያለው ጥቁር ጫማ የለም። ጣሪያው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለው በረዶ መንጠባጠብ ጀመረ። ሌላ ሰው በረዶ ሲቀልጥ ደስ ይለዋል፤ እኔ በእያንዳንዱ ጠብታ ያቺን ኪዮስክ አያለሁ።

በእሑዱ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያናችን በሚከራየው ምድር ቤት ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ነገሩን ለሽማግሌዎቹ አወራሁ። ለካ ከኋላዬ ኩባዋ ቆማ ትሰማለች። ኩባዋ የምንላት፣ ልጅ ሆና ከብዙ ሕፃናት ጋር ኩባ ተልካ፣ እዚያ ደሴት ላይ ተምራ ያደገች የእኛው ሴት ናት። ያን ጊዜ እዚህ ከተማ የአውቶቡስ ሾፌር ነበረች። ስትዘምር ወገቧ ትንሽ ይቀድማታል፤ አንዳንድ አሮጊቶች በዚያ ያሟታል፤ ጸሎት ላይ ስትሞቅ ደግሞ በስፓኒሽ ታመልጣለች። ሲኒዋን አስቀመጠችና ራሷን ያዘች።

«ጋሼ! እናቱ ቤት ምሳ ጠርቶዎት እምቢ አሉ?»

«ጊዜውን እንዳልበላበት ብዬ…»

«ጊዜውን ይብሉበት እንጂ! ሊያበላዎት አይደል የጠራዎት? ቡናውንስ?»

«እምቢ አልኩ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

«ወይኔ ጌታዬ! ሰውዬው ሰው ሊያደርግዎት ፈለገ፣ እርስዎ ወረቀት መዘዙበት። እናትህ እንዴት ናቸው ሳይሉት? እነሱ መጀመሪያ ሰውየውን ያውቃሉ፣ ከዚያ ነው ሥራው።»

«ይሄማ የእኛው አገር ነገር ነው!» አልኳት ተናድጄ።

«እኮ! እርስዎ ረስተውት ነው እንጂ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ።  እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ አስቡት፤ የመርካቶ አሠሪዬ ደንበኛ ሲመጣ ግማሽ ቀን ስለ ዘመድ አዝማድ አውርቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ ሊሸኘው በር ላይ ሲደርስ ነበር «እና ሶፋው…» የሚለው። እኔ ያ አልጠፋኝም፤ አሳፍሮኝ ነው የቀበርኩት።

ኩባዋ ኤርኔስቶ የሰጠኝን የስም ካርድ ተቀብላኝ የቤተ ክርስቲያኗ ቢሮ ገባችና ደወለች። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አንድ ቃል ባይገባኝም ይስቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይስቃሉ። አርባ ደቂቃ! የቢሮው ሰው ቁልፉን እያሽከረከረ ቆሟል። ስትወጣ «ቅዳሜ ምሳ እንሄዳለን፣ እኔም አብሬ» አለች።

«ስለ ወንበሮቹ ምን አለ?»

«ኧረ አላነሣሁትም።»

እስከ ቅዳሜ አሠለጠነችኝ። የፈረቃዋ መጨረሻ ፓርክዴል አጠገብ ስለነበረ ከነዩኒፎርሟ ደረጃዬን ወርዳ ትመጣለች። «ይግቡ፣ እኔ ዶክተሩ ነኝ» ትለኛለች፤ እኔ ከገዛ ሱቄ ወጥቼ በገዛ በሬ እገባለሁ። ሶፋዎቹን የተቀመጠባቸው ሰው እንዳለ አድርጋ አንድ በአንድ እንድጨብጣቸው አድርጋኛለች። ሲጠጉኝ እንዳላፈገፍግ ጀርባዬ ላይ ወስፌ ደግና ይዛለች። «ከሳሙኝስ?» አልኳት። «ሴቶቹን ነው፣ በጉንጭ ነው፣ በቃ» አለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የዶክተሩ እናት ዶኛ ሴሲሊያ የሚኖሩት እዚያው ዊልሰን አጠገብ አፓርትመንት ላይ ነው። በሩ ሲከፈት አኮርዲዮን ያለበት ዘፈን፣ የዶሮና የድንች ሾርባ ሽታ፣ የሰው ሙቀት አንድ ላይ መታኝ። ፒላር ቀድማ ጉንጯን ሰጠችኝ። ሳምኳት። እሷ ጨርሳ ልትመለስ ነበር፤ እኔ ደግሞ በእኛ ልማድ ወደ ሌላው ጉንጯ ዞርኩ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ሦስተኛው ላይ ግንባራችን ተጋጨና ያ ወፍራም መነጽሯ በርሮ ሰላጣው ውስጥ ገባ።  በእኔ ቤት አበቃልኝ፤ ኪዮስኳ ከነማሞቂያዋ ፊቴ መጣች። ፒላር በዳበሳ መነጽሯን ከሰላጣው ውስጥ አወጣች፣ ቅጠሉን አራገፈች፣ አንድ ነገር አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹ይሄ ነው ቡና ሦስቴ እምቢ ያለው ሰውዬ? ለካ ሁሉን ነገር ሦስቴ ነው!› እያለች ነው» አለችኝ ኩባዋ እንባዋን እየጠረገች።

ከዚያ በላን። ስንበላ፣ ስንጨዋወት፣ እንደገና ሲሞላልን ሦስት ሰዓት ሄደ። ወይን ሲቀዳ ኩባዋ በእምነታችን እንደማንጠጣ ነገረችልኝ፤ ዶኛ ሴሲሊያ «እህቴም እንደ እናንተ ናት» ብለው ጭማቂ አስመጡ። እናቲቱ ትንሽ ናቸው፣ ጥቁር ሹራብ ከነጭ ዳንቴል ኮሌታ ጋር ለብሰዋል፤ ለልጃቸውም ሳይቀር አንቱ የሚሉ ሴት ናቸው። ኩባዋ ናት የነገረችኝ፤ ኮሎምቢያውያን አንቱን እንደ እኛ ይወዱታል አለች። ስለ ሁሉ ነገር ጠየቁኝ፤ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሩት፣ አባቴ ምን ያርስ እንደነበር፣ መርፌ እንዴት እንደጀመርኩ። እኔም ልሳኔ ተፈታ። የኮንትራቱ ወረቀት ግን ደረቴ ላይ እንደ ሰናፍጭ ያቃጥለኛል። እጄ ወደ ኪሴ ባመለጠ ቁጥር ኩባዋ ጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጠኛለች። የአውቶቡስ ሾፌር እግር ነው፤ ፍሬን ላይ የኖረ እግር ነው።

በመጨረሻ ዶኛ ሴሲሊያ ወደ ኩባዋ እያዩ ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ኩባዋም እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞራ ተረጎመች፤ ምን እንደምትተረጉም የገባት ከአፏ ግማሹ ከወጣ በኋላ ነው።

«‹ይህችን የመሰለች ሴት ለእርስዎ ብላ ቅዳሜዋን ሰጥታለች። ማን ትባላለች?› ይላሉ። እኔን ነው፣ ጋሼ… የእኔን ስም ነው።»

  ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር አምልከናል። ድምፅዋን ከመቶ ሰው መሐል አውቀዋለሁ። ስሟን አላውቀውም። ሰው ሁሉ ኩባዋ ይላታል፣ እኔም ኩባዋ እላታለሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ለእነዚህ ሰዎች በር ላይ የቆመ እንግዳ እንኳ ስም አለው። መዋሸት እችል ነበር፤ አንዷን ስም ብጠራ ማን ያውቃል? ግን እሷ ፊት ለፊቴ ናት።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አልኩ። «አላውቀውም። እንዳልኩት ተርጉሚላቸው።»

ዝቅ ብላ ሳህኗን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ተረጎመች። እኔ ካልኩት ግን ረዘመ፤ በጣም ረዘመ። ዶክተር ኤርኔስቶ ዓይኑን አፍጥጦ ወደ እኔ ዞረና በእንግሊዝኛ «እሷም የአንተን አላውቀውም ነው የምትለው» አለኝ። «ዘጠኝ ዓመት ‹ጋሼ› ነው የምለው አለች። ጋሼ ስም ነው?»

«አይደለም» አልኩት። «ታላቅ ወንድሜ እንደማለት ነው። በእኛ አገር ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ነው።»

«ስለዚህ በአክብሮት ብዛት አትተዋወቁም?»

ዶኛ ሴሲሊያ ይህ ሲነገራቸው ማንኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ። አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ ቆማችሁ ተዋወቁ፤ ስም ከነአባት፣ ከነእናት አሉ። እነሱ አገር ሰው የእናቱንም ወገን ስም አብሮ ነው የሚይዘው። ተነሣን። ሁለት ትልልቅ ኢትዮጵያውያን በሾርባው ማዶ ለማዶ እጅ ተዘረጋግተን፣ እንደ ተማሪ።

«ታደሰ በቀለ፣ የሙሉነሽ ልጅ» አልኩ።

እሷም ስሟን፣ የአባቷን ስም ተናገረች። የእናቷ ጋ ስትደርስ ግን ትንሽ ቆመች። «ኩባ የደረስን ጊዜ መዝጋቢዋ እናትሽስ ብላ ጠይቃኝ ጽፋልኛለች» አለችኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። «ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ የለም፣ ጋሼ… ጋሼ ታደሰ።» ያንኑ ለእነሱም በስፓኒሽ ነግራ የእናቷን ስም ጠራችው። ማንም ያኔ አልሳቀም። ፒላር መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ የሰላጣው ዘይት ነው አለች።

ሳንቀመጥ ዶክተሩ «አሁን ወረቀትህን አምጣ» አለኝ። አወጣሁ። የጠረጴዛው ልብስ ላይ አስቀምጦ ብዕሩን መዘዘ።

«ሳታነበው? ጠበቃ አይደለህ?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ አንተን ሳነብ ነበር» አለና ፈረመ። ከዚያ ከቦርሳው ያን የመዳፌን ፎቶ ኮፒ አወጣ፤ አልጣለውም ኖሯል። «ይህ እጅ ሥራ እንደሚችል በመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ» አለኝ። «የማን እጅ እንደሆነ ነው አልነግር ያልከኝ።»

ስንመለስ በአውቶቡስ አብረን ሄድን። እሷ ተሳፋሪ ስትሆን አታርፍም፤ «ምነው ፍሬኑን እንዲህ ይረግጠዋል፣ ሰው ነው እኮ የጫነው!» እያለች ሾፌሩን በአማርኛ ትቆጣለች። እኔ ሱቄን ይዤ መቅረቴን እያሰብኩ መስኮቱን እያየሁ ነበር። ሱቁን ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበት፣ በገዛ እጄ ነው የዘጋሁት። ኪዮስኳን ዳግመኛ ከውስጥ አላየኋትም።

በሰኞው የመጀመሪያውን ወንበር ልብሱን ገፍፌ እንጨቱ ራቁቱን ሲቀር፣ እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ። ሰው ስም ረስቶ እንደገና እንዳያፍር የሚደረገው ምንድን ነው? ልጅ ሳለን መምህሩ መቶ ጊዜ ጻፉ ይለን ነበር። እኔም ጻፍኩ፤ በእያንዳንዱ ወንበር መቀመጫ ሥር፣ እንጨቱ ላይ፣ ጨርቁ ከመሸፈኑ በፊት። የመጀመሪያዎቹ ላይ ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር፤ ወደ መቶኛው ሲጠጋ ቁም ጸሐፊ ወጣኝ። መቶ ሃያውን ሳስረክብ ማንም አላወቀም። እሷም አታውቅም። አሁን ጡረታ ወጥታ ካልጋሪ ልጇ ጋ ናት፤ በበዓል እንደዋወላለን፤ ደግሞ ስለ ካልጋሪ ሾፌሮች ታማርርልኛለች።

ያ የጥርስ ሐኪማቸው እንግዲህ ከዊልሰኑ ሕንጻ ሲወጣ ከወንበሮቹ ከፊሉን ይዞ ወጥቶ ይሆናል፤ ወይም ሸጧቸው ይሆናል። ክሊኒኩ ውስጥ ተራችን ሊደርስ ሲል ለሩት በጆሮዋ ነገርኳት። ፊቷ መጀመሪያ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ግራና ቀኝ አይታ «ኦኬ፣ ፋስት፣ ፋስት» አለችና ወንበሩን ራሷ ገለበጠችው። የሥሩ ጥቁር ጨርቅ አንድ ጥጉ ረግቦ ነበር። በጥፍሬ ገለጥ አደረግኩት፤ እሷ ተንበርክካ በስልኳ አበራች። አማርኛ የምታነበው ሰንበት ትምህርት ቤት በተማረችው ነው፣ ፊደል በፊደል፣ ጣቷን እያስከተለች። እንግዳ ተቀባይዋ እንደገና ብድግ ስትል ታየኛለች። እኔ ግን የማየው የልጄን ጣት ነው፤ በደበዘዘው እርሳስ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል።

«ዘ… ነ… በች… ዘነበች። ተ… ሰማ። ዳዲ፣ ሁ ኢዝ ዚስ?»

«ጨርሺው፣ ጨርሺው» አልኳት። «እናትየዋም አለች።»

«ዘነበች ተሰማ፣ የአስካለ ልጅ።»